«አውቀህ ነው?»፦ ጣና ዳር የነበረ የቅዳሜ ቡድን

የነቃሁት ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ልጆቹ ቀድመውኝ ክፍል ገብተዋል። በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ሳቅ ሰማሁና ቆም አልኩ። ትልቁ ልጅ መሐል ላይ ቆሞ ከባጃጅ ውስጥ ዝርዝር ብር እንዴት እንደሚወሰድ እያሳየ ነው። ሹፌሩ ባጃጁን ሊያሳጥብ ሐይቁ ዳር ያቆማል። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ጎማውንም ልጠብልህ?» እያለ ወሬ ያስይዘዋል። ሌላው ከመሪው ሥር እጁን ይሰዳል። አሳይቶ ሲጨርስ አንድ ልጅ ተነስቶ ሞከረ። «እንደሱ አይደለም፣ ትከሻህን አታንቀሳቅስ» ብሎ አረመው። በሁለተኛው ሙከራ ተሳካለት። ሁሉም አጨበጨቡ።

ማሳየት፣ ማለማመድ፣ ማረም፣ ማበረታታት። ሁለት ቅዳሜ ማኅበራዊ ክህሎት ሳስተምርበት የነበረው ዘዴ ነው። ዘዴውን አንድም ሳይቀር ይዘውታል። የተቀየረው ትምህርቱ ብቻ ነው።

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኜ ነው። የትምህርት ቤቱንም የልጆቹንም ስም አልጠራም። ልጆቹን ግን ራሳቸው ባወጡት ስም እጠራቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ጣና ውስጥና ዳር ካለው ነገር ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ትልቁ ልጅ ጉማሬ አለ። አንዷ ልጅ ቀረሶ አለች፤ ለምን ስላት «ሲይዟት እጅ ትወጋለች» አለችኝ። አንዱ አምባዛ፣ አንዱ ታንኳ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ቀጫጫ ልጅ ግን ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እምቦጭ» አለ።

ሌሎቹ ሳቁ። ባሕር ዳር ላይ እምቦጭ ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የኖረ አረም ነው። ስሙን ያወጣችለት አንዲት መምህር መሆኗን በኋላ ሰማሁ። «ባለህበት ሁሉ ነገር ይበላሻል» ብላው ነበር አሉ። እሱም ተቀበለው።

ቡድኑ የተሰበሰበው እንዲህ ነው። ዩኒት ሊደሩ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል መምህራንን «አስቸጋሪዎቻችሁን ስጡን» አላቸው። ስምንት ስም መጣ። ሰባት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 12። ጉማሬ 12 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ሲቆራረጥ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ክሱ ተመሳሳይ ነው፦ ይማታል፣ ይሰድባል፣ አይታዘዝም፣ የሰው እርሳስ ይወስዳል። እኔም ስምንቱን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበራዊ ክህሎት ላስተምራቸው ተነሳሁ። ተራ መጠበቅ፣ ሳይሳደቡ «አይሆንም» ማለት፣ ሲበሳጩ መረጋጋት፣ ይቅርታ መጠየቅ።

ሐሳቡ በራሱ ጥሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሕፃናት አንድ ትልቅ ሰው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ካዩ በኋላ እነሱም ያንኑ እንደሚያደርጉ አሳየ። መደብደብ በማየት የሚለመድ ከሆነ መነጋገርም ይለመዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አርኖልድ ጎልድስቲን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ነገሩን በደረጃ አስቀመጠው። ክህሎቱን አስረዳ፣ ሠርተህ አሳይ፣ ልጁ በድራማ ይሞክረው፣ ጓደኞቹ አስተያየት ይስጡ፣ ከዚያ ውጭ ይዞት ይውጣ። እኔ አራቱን አጥብቄ ይዤ አምስተኛውን ለነገ አልኩ። ለካ ነገሩ ያለው አምስተኛው ላይ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበብ የነበረብኝ ቀድሜ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ቶማስ ዲሽን የሚባል ተመራማሪ ኦሪገን ውስጥ ጎረምሶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሲያወሩ በቪዲዮ ቀርጾ ሳቁ መቼ እንደሚመጣ ተከታተለ። ጥፋት የለመዱት ጓደኛሞች ጋ ሳቅ የሚመጣው አንዱ ስለ ጥፋት ሲያወራ ነው። ሳቁ ሽልማት ነው፤ ወሬው ይደገማል፣ ከዚያ ወሬው ሥራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጆአን ማኮርድና ከፍራንስዋ ፑላን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ችግር ያለባቸውን ልጆች ብቻቸውን መሰብሰብ አንዳንዴ እንደሚያብስባቸው አስጠነቀቀ። ማኮርድ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማሳቹሴትስ ውስጥ እርዳታ ያገኙ ወንድ ልጆችን ካደጉ በኋላ ተከታትላለች። በበጋ ካምፕ ደጋግመው አብረው የከረሙት እርዳታ ካላገኙት የባሰ ሆነው ነው የተገኙት።

በኋላ የመጡ አጥኚዎች ሁሉም ቡድን እንዲህ ይበላሻል ማለት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ከማን ጋር እንደተቀላቀሉና ትልቁ ሰው እንዴት እንደያዛቸው ይወስናል። የኔ ቡድን ግን በሁለቱም በኩል የወደቀ ነበር። ስምንት አስቸጋሪ ልጅ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ ያም ትልቅ ሰው አሥር ደቂቃ የሚያረፍድ።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ «ቡድኑን ላፈርሰው ነው» አልኩ። «ተስፋ ቆረጥሽ?» አለኝ። አይ፣ እንደገና ልሠራው ነው አልኩት።

ስምንቱን ለሁለት ከፈልኳቸው። ለእያንዳንዱ አራት ሌላ አራት ልጅ ጨመርኩ። እነዚህን መምህር አልመረጣቸውም። ክፍል ውስጥ «ከማን ጋር መጫወት ትወዳላችሁ?» ብዬ ወረቀት አስጻፍኩና ስማቸው የበዛውን ወሰድኩ። አንደኛ የሚወጡትም የመምህር ዓይን የሆኑትም አይደሉም። ሜዳ ላይ የሚፈለጉት ናቸው። ስሙንም ቀየርነው። «የባህሪ ቡድን» ቀረና «የሜዳ ኮሚቴ» ሆነ። ሥራው የእረፍት ሰዓት ኳስ ማደራጀት፣ ዳኛ ማውጣት፣ ሲጣሉ መሸምገል። የስፖርት መምህሩ ሁለተኛ አዋቂ ሆኖ ገባ። ከክፍሉም ወጣን። ግቢው ጥግ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ሃያ ደቂቃ እንነጋገራለን፣ እንለማመዳለን። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሜዳ።

እዚህ ላይ ስለ እምቦጭ ረዘም አድርጌ ላውራ።

እምቦጭ ጠበኛ አይመስልም። ትንሽ ነው፣ ድምፁ ቀጭን ነው። ግን በሳምንት ውስጥ የማይደባደብበት ቀን የለም። አንድ ሳምንት እረፍት ሰዓት ላይ ሜዳው ጠርዝ ተቀምጬ ብቻ አየሁት። ኳስ ጀርባውን መታው። ዞሮ በቅርብ ያገኘውን ልጅ በቡጢ አለው። ልጁ ኳሱን አልነካውም። ሌላ ቀን ሁለት ልጆች ሲሳሳቁ አጠገባቸው አለፈና ተመልሶ መጥቶ ደብተራቸውን ወረወረ። «ምን አደረጉህ?» ስለው «ሙድ ያዙብኝ» አለ። እነሱ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚስቁት።

ኬኔት ዶጅ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳየው ይህንኑ ነው። ጠበኛ ልጆች፣ ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት ያልለየለት ነገር ሲገጥማቸው፣ ሆን ተብሎ ነው ብለው ይደመድማሉ። እነሱ በራሳቸው ዓይን እየተከላከሉ ነው። ስለዚህ «አትምታ» ማለት ብዙ አይሠራም። ልጁ መጀመሪያ የሚያየውን ነገር ነው ማስተካከል ያለበት።

አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ አረፍተ ነገር አለው፦ «አውቀህ ነው?»

ልጆቹ በቀን ሃያ ጊዜ ይሉታል። ችግሩ በሁለት ዓይነት ድምፅ መባሉ ነው። አንዱ ጥያቄ ነው። ሌላው ግን አገጭ ወደ ላይ፣ ደረት ወደ ፊት ሆኖ «ና እንግዲህ» ማለት ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሰማይና ምድር። ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ቀረሶ ናት የነገረችኝ። «ቲቸር፣ እሱ እኮ ሲጠይቅ አይጠይቅም» አለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ የሠራነው ይህን ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ይተላለፋሉ፣ አንዱ ትከሻ ይነካል። የተነካው «አውቀህ ነው?» ይላል። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ጥያቄ ነው ወይስ ጠብ ብለው ይፈርዳሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ግን የዚህ ጊዜ ሳቅ ሌላ ነው። እምቦጭ መጀመሪያ አሥር ጊዜ ሞክሮ አሥሩም «ጠብ!» ተባለ። ተናደደና ሄዶ ዋርካው ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ጸጥ ያለ ልጅ፣ አጠገቡ ሄዶ «እኔም መጀመሪያ ጠብ ተብያለሁ» አለው። ውሸቱን ነው፤ አልተባለም። እኔ ግን አላረምኩትም።

ሁለተኛው ልምምድ ሽምግልና ነው። ውጭ አገር እንዲህ ያሉ ቡድኖች በአሻንጉሊት ይሠራሉ። ካሮሊን ዌብስተር ስትራተን ለትንንሽ ልጆች ባዘጋጀችው ሥልጠና ትልልቅ የእጅ አሻንጉሊቶች ናቸው የሚያስተምሩት። እኛ አሻንጉሊት አልነበረንም። የጥበቃው ጋቢ ነበረ። ጋቢውን የደረበ ሽማግሌ ነው። የተጣሉት ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ሽማግሌው ሁለቱንም ተራ በተራ ይሰማል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ልጆቹ ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ቤታቸው አይተውታል። እጅ እያፍተለተሉ «እህ… እንግዲህ ልጆቼ» ማለት፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ ድንጋይ አሸክሞ ይቅር ማባባል ሁሉም ያውቃሉ። ጉማሬ ጋቢ ሲደርብ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ያ ባጃጅ ላይ ያስተማረ ልጅ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እሱ ይጨርስ» ሲል ብትሰሙት። ደንቡ አንድ ነው፦ የራስህ ጠብ ላይ ሽማግሌ አትሆንም፤ በማግሥቱ ግን ሌላ ሰው ጠብ ላይ ትሆናለህ።

አምባዛ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ወጣ። ክሱ «አይታዘዝም» ነበር። ሜዳ ላይ የስፖርት መምህሩ ከግራ በኩል ሲጠራው አይዞርም፤ ከቀኝ ሲጠራው ይዞራል። መምህሩ ነው ያስተዋለው። እናቱን ስንጠይቃት «ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይመግላል፣ ክረምት ይብሳል» አለች። ወደ ሐኪም ተላከ፣ ሕክምና ጀመረ፣ ክፍል ውስጥም ቀኝ ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲሆን ቦታው ተቀየረ። የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና አላስፈለገውም ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ዓመት ሲገረፍ የኖረው ባልሰማው ትዕዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ልጅ ቡድን ከማስገባቴ በፊት ጆሮና ዓይን ይታይለት እላለሁ።

ስለ መግረፍ ካነሳሁ አይቀር። አንድ መምህር መሳቢያው ውስጥ የተቆረጠ ጎማ ነበረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆን አለባቸው ይላል። መምህሩም ያውቀዋል። «አንቺ በቀን አንድ ልጅ ታናግሪያለሽ፣ እኔ ከ60 በላይ ልጅ ፊት ነው የምቆመው» አለኝ። እውነቱን ነው። ክርክሩን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ እምቦጭ ሳይማታ ያለፈበትን ቀን በስሙ ጠርቶ እንዲነግረው። «ዛሬ ጥሩ ነበርክ» ሳይሆን «ዛሬ ኳስ ሲመታህ ጠይቀሃል፣ አይቻለሁ» እንዲል። በሁለተኛው ሳምንት ጀመረ። ጎማው ከመሳቢያው መቼ እንደጠፋ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቤት ግን ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዌብስተር ስትራተንና ሜሪ ሃሞንድ ባሳተሙት ጥናት ልጆቹን ብቻ፣ ወላጆቹን ብቻ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እያሠለጠኑ አነጻጽረዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ብዙውን ለውጥ ያሳየው ሁለቱም የሠለጠኑበት ነው። እኔም ወላጆችን ጠራሁ። ለስብሰባ ሁለት ሰው መጣ። በሚቀጥለው ጊዜ «ስብሰባ» ማለቱን ትቼ ቡና አልኩ። ጀበናና ስኒ አንዷ እናት አመጣች፣ ፈንዲሻውን እኔ። ስድስት ሰው መጣ።

እምቦጭን የምታሳድገው አያቱ ናት። እማማ እንበላቸው። እሳቸው ጥዋት ጥዋት ገበያ ዳር ቆሎ ይሸጣሉ። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፣ እኔ ልጁን አልጠላሁትም» ብለው ጀመሩ። «ግን አምስት ብር ስጪኝ ይለኛል፣ እምቢ እላለሁ፣ ይጮኻል፣ እምቢ፣ መሬት ይንከባለላል፣ እምቢ፣ ቆሎዬን ሊደፋብኝ ይይዛል፣ ያኔ እሰጠዋለሁ። ምን ላድርግ? ገበያው ሁሉ እያየኝ!»

ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል ሰው ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ነገር ላይ ነው። ልጁ ጩኸቱን ባባሰ ቁጥር ትልቁ ሰው ይሸነፋል፤ ልጁ ማባስ እንደሚያዋጣ ይማራል፤ ትልቁም ሰው መስጠት ጩኸት እንደሚያስቆም ይማራል። እማማ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው በአንድ ትንፋሽ ተናግረውታል። ፊታቸው የተቀመጠች ሌላ እናት «የኔው ነው የነገሩኝ» ብላ ሳቀች። እሷ ልጇን አንድ ጊዜ በበርበሬ አጥናው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ እንደሚርቃት ተናገረች። ክፍሉ ዝም አለ። ቡና ተደገመ።

የተስማማነው ትንሽ ነገር ነው። እማማ መስጠት ከፈለጉ ገና ሲጠይቅ፣ ሳይጮህ ይስጡ። እምቢ ካሉ ደግሞ ቆሎው ቢደፋም እምቢ። ቆሎው ሁለት ጊዜ ተደፋ። ሁለተኛው ቀን ኮሚቴው ውስጥ ያለችው ጎረቤቱ አብራ ለቀመችለት። ለሦስተኛ ጊዜ አልተደፋም። እማማ እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ያከሰርሽኝን ቆሎ መቼ ትከፍይኛለሽ?»

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ገናና ጥምቀትን አልፈን፣ እያንዳንዱ ቡድን 16 ጊዜ ተገናኘ። ምን ተገኘ? እረፍት ሰዓት ላይ ያለው ጠብ ቀነሰ፤ ይህን ጥበቃውም ዩኒት ሊደሩም የሚስማሙበት ነው። ቀረሶ ሁለት ጓደኛ አገኘች፤ ግን አሁንም መምህር ስትሰድባት መልሳ ትሳደባለች። አምባዛ ይሰማል። ታንኳ ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ይቅበጠበጣል፣ ሃሳቡ ይበተናል፣ ዋርካው ሥር ደንቡን አንድ በአንድ ይነግርሃል፣ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይረሳዋል። የኔ ግምት እሱ ያጣው ዕውቀት አይደለም፤ ቆም የሚያደርገው ነገር ነው። ትኩረት የማጣት ችግር ላለባቸው ልጆች እንዲህ ያለ ሥልጠና ብቻውን ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ሰዎች ጽፈዋል። ቤተሰቡን ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲሄዱ መከርኳቸው። «ልጃችን እብድ አይደለም» አሉኝ። ጠበል እየወሰዱት ነው። ሁለቱም ይሁን ብያለሁ፤ ገና እየተነጋገርን ነው።

እምቦጭ ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ዳኛ ነበር። ትልቅ ልጅ ሲሮጥ ገፍቶት ወደቀ። ጉልበቱ ደማ። ተነሳና «አውቀህ ነው?» አለ። ጠብ ነበር፤ አገጩ ወደ ላይ ነው። የኮሚቴው ልጆች ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። እሱም ቆመ። ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ከዚያ እንደገና፣ በሌላው ድምፅ፣ «አውቀህ ነው?» አለ። ልጁ «አላየሁህም» አለው። እምቦጭ ፋውል ነፋ።

ጉማሬን አጥተነዋል። መጋቢት ላይ ትምህርት አቋረጠ። ቤት ውስጥ ገቢ የሚያመጣ ሰው ታመመና እሱ ሥራ ጀመረ። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ስሄድ ባጃጅ ሲያጥብ አገኘሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። ሹፌሩ ቁልፉንም ዝርዝሩንም ትቶለት ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ሳየው ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ፤ እሱም ሳይታወሰው አልቀረም መሰለኝ አቀረቀረ።

«ቲቸር፣ አሁን ዳኛው ማን ነው?» አለኝ።

«እምቦጭ» አልኩት።

«እምቦጭ? ያ አጭበርባሪ!» ብሎ ሳቀ። ባልዲውን አንስቶ ውኃ ሊቀዳ ወረደ።